ልዩ የኢንተርኔት አድራሻ ለግል ኔትወርኮች፦ ክፍያው በማን ላይ ይውደቅ?

በአዲስ አበባ የቤት ቁጥር ብቻውን አድራሻ ሆኖ አያውቅም። የቤት ቁጥር 112 በአንዱ ቀበሌም በሌላውም ይገኛል፤ ትርጉም የሚኖረው ቀበሌው አብሮ ሲጠራ ነው። ሁለት ቀበሌዎች በአንድ አስተዳደር ሥር የተጠቃለሉ ዕለት ግን ሁለት 112 ቁጥሮች በአንድ መዝገብ ላይ ይፋጠጣሉ። ከሁለቱ አንዱ ቁጥሩን መቀየር አለበት፤ ከቁጥሩ ጋርም በዚያ ቁጥር የተጻፈው ውል፣ ደረሰኝና መታወቂያ ሁሉ ይቀየራል።

በምሥራቅ አፍሪካና በአፍሪካ ቀንድ በርካታ የኮምፒውተር ኔትወርኮች ዛሬ የሚገኙት እዚህ ዓይነቱ ሁኔታ ላይ ነው። ሆስፒታሎች፣ ባንኮች፣ ዩኒቨርሲቲዎችና የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ባለፉት ሃያና ሠላሳ ዓመታት በየግቢያቸው ኔትወርክ ሲዘረጉ፣ ለኮምፒውተሮቻቸው ቁጥር የሰጡት ራሳቸው ናቸው። ማንንም አላስፈቀዱም፤ ማንም አላስከፈላቸውም። አሁን ግን ሆስፒታሉ ከላቦራቶሪው፣ ባንኩ ከባንኩ፣ ዩኒቨርሲቲውም ከጎረቤት አገር ዩኒቨርሲቲ ጋር እንዲገናኝ እየተጠየቀ ነው። ሲገናኙም ቁጥሮቻቸው ይጋጫሉ። መፍትሔው በዓለም ላይ የማይደገም፣ በመዝገብ የተረጋገጠ አድራሻ ማግኘት ነው። እሱ ደግሞ ገንዘብ ይጠይቃል። ክፍያው የማን ሊሆን እንደሚገባ ግን እስካሁን የጠራ መልስ አልተገኘለትም።

የነጻው ቁጥር ዕዳ

የግጭቱ ሥር የሚገኘው በ1990ዎቹ አጋማሽ በተደረገ አንድ ክርክር ውስጥ ነው (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በመጋቢት 1994 የተወሰኑ የኢንተርኔት መሐንዲሶች፣ ከኢንተርኔት ጋር በቀጥታ የማይገናኙ የግል ኔትወርኮች ያለፈቃድ የሚጠቀሙባቸው ቁጥሮች ለብቻ እንዲከለሉ ሐሳብ አቀረቡ። ምክንያታቸው ቁጠባ ነበር፤ አድራሻዎቹ እንደሚያልቁ ከወዲሁ ታይቷቸው ነበር። በዚያው ዓመት ሐምሌ ሌሎች መሐንዲሶች የተቃውሞ ሰነድ አወጡ። የማይደገም ያልሆነ ቁጥር የተሰጠው መሥሪያ ቤት አንድ ቀን ከሌላው ጋር መገናኘቱ ስለማይቀር፣ ዛሬ የተቆጠበው ነገ ከነወለዱ ይከፈላል ሲሉ ተከራከሩ።

ቁጠባው አሸነፈ። በየካቲት 1996 የጸደቀው ሰነድ ሦስት የቁጥር ክልሎችን ለማንም ክፍት አደረገ። ከእነዚህ ውስጥ በ10 የሚጀምረው ክልል ብቻውን ከ16.7 ሚሊዮን በላይ ቁጥሮችን ይይዛል። በ192.168 የሚጀምረውን ደግሞ የቤቱን ራውተር ከፍቶ ያየ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። በናይሮቢ፣ በካርቱም፣ በሞቃዲሾና በጎንደር በሚሊዮን የሚቆጠሩ መሣሪያዎች በአንድ ዓይነት ቁጥር ይጠራሉ፤ እርስ በርስ እስካልተገናኙ ድረስም ችግር የለባቸውም።

እነዚህ መሣሪያዎች ወደ ኢንተርኔት የሚወጡት በአንድ የመሥሪያ ቤት ስልክ ማዞሪያ አምሳል ነው። በውስጥ ሃምሳ ስልኮች አሉ፤ ወደ ውጭ የሚወጣው መስመር አንድ ነው። የሞባይል ኩባንያዎች ይህንኑ በአገር ደረጃ ያደርጉታል። በ2012 ለዚሁ አገልግሎት ተጨማሪ 4 ሚሊዮን ያህል ቁጥሮች ተከልለውላቸዋል። ውጤቱን የሚያውቀው ተጠቃሚው ነው። በመቶዎች የሚቆጠሩ ደንበኞች አንድ የውጭ አድራሻ ሲጋሩ፣ አንዱ ባጠፋ ሌላው ይታገዳል፤ ምንም ያላደረገ ሰው አንድን ድረ ገጽ ለመክፈት ሰው መሆኑን ደጋግሞ እንዲያረጋግጥ ይጠየቃል። ይህም አንድ የክፍያ ዓይነት ነው፤ የሚከፈለው በገንዘብ ስላልሆነ ብቻ በሒሳብ መዝገብ ላይ አይታይም።

በሁለት የግል ኔትወርኮች መካከል ሲሆን ደግሞ ችግሩ ሌላ መልክ ይይዛል። የተጋጩ መሥሪያ ቤቶች ሁለት መንገድ አላቸው። አንዱ ቁጥሮቹን በሙሉ ይቀይራል፤ ይህም ማለት ማተሚያዎችን፣ የገንዘብ መክፈያ ማሽኖችን፣ ሻጩ ከአገር የወጣውን የላቦራቶሪ መሣሪያ ጭምር አንድ በአንድ መክፈት ነው። አለዚያም በመካከላቸው አድራሻ የሚተረጉም መሣሪያ ያቆማሉ። ሁለተኛው ለጊዜው ቀላል ይመስላል። ሦስተኛ አጋር ሲመጣ ግን ሌላ የትርጉም ሠንጠረዥ፣ አራተኛው ሲመጣ ሌላ ይጨመራል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የትኛው ቁጥር የትኛው እንደሆነ የሚያውቀው አንድ ባለሙያ ብቻ ይሆናል፤ እሱ ሥራ የለቀቀ ዕለት ቢሮው ምን እንደሚገጥመው ለመገመት አያዳግትም።

ልዩ ሆኖም የማይታይ

"ከኢንተርኔት ጋር የማይገናኝ ኔትወርክ ለምን ልዩ አድራሻ ያስፈልገዋል?" የሚለው ጥያቄ ተገቢ ይመስላል። መልሱ በየቀኑ በሥራ ላይ ይገኛል። የናይሮቢ ደንበኛ አዲስ አበባ ገብቶ ስልኩን ሲከፍት ሁለቱ ኩባንያዎች የሚነጋገሩት ከኢንተርኔት በተለየ፣ የዓለም የሞባይል ኩባንያዎች በሚጋሩት የግል ኔትወርክ በኩል ነው። ያ ኔትወርክ ከውጭ አይታይም። አድራሻዎቹ ግን ከዓለም አቀፉ መዝገብ የተወሰዱና የማይደገሙ ናቸው፤ እንደዚያ ባይሆን በመቶዎች የሚቆጠሩ ኩባንያዎች በአንድ መረብ ላይ ሊነጋገሩ አይችሉም ነበር።

መንግሥታትም እንዲሁ አድርገዋል። የብሪታንያ የሥራና የጡረታ ሚኒስቴር በ51 የሚጀምረውን 16.7 ሚሊዮን አድራሻ የያዘ ክልል ለዓመታት በእጁ አቆይቶ ነበር። በ2012 ክልሉ ከኢንተርኔት እንደማይታይ ያስተዋሉ ዜጎች ይሸጥ ሲሉ የፊርማ አቤቱታ አቀረቡ። የመንግሥት ምላሽ አድራሻዎቹ ለመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የውስጥ ግንኙነት እያገለገሉ ነው የሚል ነበር። ከ2015 ጀምሮ ግን ከክልሉ ላይ እየተቆረሰ መሸጥ ጀመረ። ሚኒስቴሩ ቀድሞ ስለመጣ በነጻ ያገኘው ነገር በኋላ ገቢ ሆነለት።

ኢትዮጵያም የወረዳ መሥሪያ ቤቶችን የሚያገናኘውን ወረዳኔትን መዘርጋት የጀመረችው በ2000ዎቹ መጀመሪያ ነው። በዓላማ ከብሪታንያው ብዙም የማይርቅ ሥራ ነበር። ጊዜው ግን ሌላ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ትልልቅ ክልሎች በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ መጀመሪያ ተከፋፍለው ካለቁ ቆይተዋል። ፎርድ የተባለው የመኪና አምራች እንኳ በ19 የሚጀምረው 16.7 ሚሊዮን አድራሻ ተሰጥቶት ነበር።

አሁን በሰፊው ሥራ ላይ ያለው አራተኛው የአድራሻ ሥርዓት በጠቅላላው 4.3 ቢሊዮን ያህል ቁጥሮች አሉት። የካቲት 3 ቀን 2011 የመጨረሻዎቹ አምስት ክልሎች ለአምስቱ አህጉራዊ መዝጋቢ ተቋማት አንዳንድ ተሰጡ፤ ማዕከላዊው ጎተራም ባዶ ሆነ። ፍላጎቱ ዘግይቶ ስላደገ የአፍሪካ ድርሻ ከሌሎቹ ዘለግ ላለ ጊዜ ቆየ። ከጥር 2020 ጀምሮ ግን አንድ አመልካች በአንድ ጊዜ ሊያገኝ የሚችለው ከ1,024 አድራሻ እንዳይበልጥ ተደርጓል። ለፎርድ የተሰጠው የዚህ ድርሻ 16,384 እጥፍ ነበር። ከመቶ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ባላት አገር ዛሬ ሥራ የሚጀምር ኩባንያ ወይም ተቋም ተሰልፎ የሚጠብቀው ይህንን 1,024 ነው።

የጎተራው ባዶ መሆን ገበያ ወለደ። በ2011 ማይክሮሶፍት ከከሰረው ኖርቴል 666,624 አድራሻዎችን በ7.5 ሚሊዮን ዶላር ገዛ፤ አንዱ ከ11 ዶላር በላይ መሆኑ ነው። ከአሥር ዓመት በኋላ በአንዳንድ ግብይቶች አንድ አድራሻ ከ50 ዶላር በላይ ወጣ። አማዞን ደግሞ ከየካቲት 2024 ጀምሮ በኮምፒውተር ማዕከሎቹ ለሚከራይ ለእያንዳንዱ የውጭ አድራሻ በሰዓት ግማሽ የአሜሪካ ሳንቲም ያስከፍላል። ትንሽ ትመስላለች፤ በዓመት ግን ወደ 44 ዶላር ትጠጋለች።

ይዞታ ወይስ ንብረት?

ይህ ገበያ በአፍሪካ ምን እንዳስከተለ የሚያሳየው ዋነኛው ጉዳይ የአፍሪኒክ ነው። መቀመጫውን ሞሪሸስ ያደረገውና በ2005 እውቅና ያገኘው አፍሪኒክ፣ ለአህጉሩ የኢንተርኔት አድራሻ የሚያድልና መዝገቡን የሚጠብቅ ተቋም ነው። ከጂቡቲ ባሻገር፣ ባብ ኤል ማንደብን እንደተሻገሩ የሚገኙት የመንና ሳዑዲ ዓረቢያ ግን በአውሮፓው መዝጋቢ ሥር ናቸው፤ በቀይ ባሕር ሁለት ዳርቻዎች የሚገኙ ኔትወርኮች በዚህ ረገድ በተለያየ ሕግ ይተዳደራሉ።

አፍሪኒክ የሚያድለው አድራሻ የአባሉ ንብረት አይደለም፤ የመጠቀም መብት ነው። የኢትዮጵያ አንባቢ ይህን ከመሬት ይዞታ ጋር አስተያይቶ በቀላሉ ይረዳዋል። ይዞታው የባለይዞታው ነው፤ መሬቱ ግን ለሽያጭ አይቀርብም። እንደ መሬቱ ሁሉ፣ በደንብ የተተመነ አነስተኛ ዓመታዊ ክፍያና በገበያ የተተመነ ትልቅ ዋጋ ጎን ለጎን ሲኖሩ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ፈላጊ አያጣም።

በ2019 ከተቋሙ መዝገብ በሚሊዮን የሚቆጠሩ አድራሻዎች አላግባብ ወደ ሌላ እጅ መዞራቸው ተጋለጠ፤ በውስጥ ሠራተኛ ላይም ጥርጣሬ ወደቀ። ቀጥሎ የመጣው ክርክር ደግሞ የባሰ ሆነ። ክላውድ ኢኖቬሽን የተባለውና በሲሸልስ የተመዘገበው ኩባንያ ከ2013 እስከ 2016 ባሉት ዓመታት ወደ 6.2 ሚሊዮን የሚጠጉ አድራሻዎችን ከአፍሪኒክ ተቀብሏል። አንዱ በ20 ዶላር ቢታሰብ እንኳ ከ120 ሚሊዮን ዶላር በላይ ዋጋ ያለው ሀብት ነው። አፍሪኒክ አድራሻዎቹ ከአፍሪካ ውጭ እየዋሉ ነው፣ ይህም ከተሰጡበት ዓላማ ጋር ይጋጫል በማለት ሊነጥቅ ተነሣ። ኩባንያው በበኩሉ የፈረመው ውል አድራሻዎቹን በአህጉሩ ብቻ እንዲጠቀም አያስገድደኝም ብሎ ፍርድ ቤት ሄደ።

በሐምሌ 2021 የሞሪሸስ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የአፍሪኒክን የባንክ ሒሳብ እስከ 50 ሚሊዮን ዶላር ድረስ አገደ። እገዳው ከወራት በኋላ ቢነሣም ክሱ አልቆመም። ከ2022 ጀምሮ ቦርዱ ምልዓተ ጉባኤ አጣ፤ ተቋሙም ያለ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ቀረ። በመስከረም 2023 ፍርድ ቤቱ ባለአደራ ሾመበት። በሰኔ 2025 የተጠራው የቦርድ ምርጫ በውክልና ሰነዶች ላይ በተነሣ ጥርጣሬ ተሰረዘ። ብዙም ሳይቆይ ክላውድ ኢኖቬሽን ተቋሙ እንዲፈርስ በይፋ ጠየቀ። በመስከረም 2025 በተደረገው ሁለተኛ ምርጫ ግን ቦርድ ተመረጠ።

ለአምስት ዓመታት የአህጉሩ መዝገብ ባለቤት ጠበቃ ከመክፈል አልቦዘነም። የጠበቃው ገንዘብ ከየት መጣ? ተቋሙ የሚተዳደረው በአባላቱ ዓመታዊ ክፍያ ስለሆነ፣ ከዚያው ነው። በጁባ ወይም በሐርጌሳ ያለ አንድ አነስተኛ አገልግሎት ሰጪ የከፈለው ዶላር በከፊል የዋለው ኔትወርክ ለመዘርጋት ሳይሆን ለክርክር ነው። ለልዩ አድራሻ ክፍያ ስለመጣል ሲነሣ ይህን መዘንጋት አይቻልም። ልዩነትን የሚፈጥረው ቁጥሩ አይደለም፤ "ይህ ቁጥር የእገሌ ነው" ብሎ የሚመሰክረው መዝገብ ነው። መዝገቡ ከተናጋ የተከፈለበት አድራሻ በነጻ ከተገኘው በምን እንደሚሻል ማስረዳት ይከብዳል።

ከፋዩ ማን ነው?

ክፍያው እንዴት ይደልደል በሚለው ላይ መዝጋቢ ተቋማት ራሳቸው አይስማሙም። የአውሮፓው መዝጋቢ ትልቁንም ትንሹንም አባል እኩል ያስከፍላል፤ በ2025 ይህ ክፍያ 1,800 ዩሮ ነበር። አፍሪኒክ ግን እንደ ይዞታው ስፋት ደረጃ ያወጣል። ለቀንዱ አገሮች የሁለተኛው ስሌት ፍትሐዊነት ግልጽ ነው። ሆኖም ክፍያው የሚተመነው በዶላር ነው። ኢትዮጵያ በሐምሌ 2024 መጨረሻ የውጭ ምንዛሪ ተመኗን ለገበያ ስትለቅ አንድ ዶላር 57 ብር አካባቢ ነበር፤ በወራት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ሆነ። ያኔ በዶላር ይከፍል የነበረ የኢትዮጵያ ተቋም፣ ተመኑ ሳይነካ በብር የሚያወጣው ወጪ እጥፍ ሆኗል። ዶላሩን ለማግኘት የሚፈጀውን ጊዜ የሒሳብ ሹሞች ያውቁታል።

በዚህ ምክንያት ብዙ ተቋማት የሚመርጡት አድራሻውን ከቴሌኮም ኩባንያቸው መከራየትን ነው። ክፍያው በአገር ገንዘብ፣ ከወርሐዊው ሒሳብ ጋር ይመጣል። ዕዳው የሚታየው ኩባንያ መቀየር ሲፈለግ ነው። አድራሻው የኩባንያው ስለሆነ ደንበኛው ሲለቅ ቁጥሩን ትቶ ይሄዳል፤ ኔትወርኩንም እንደገና ይቆጥራል። ገበያው በአንድ ኩባንያ እጅ በነበረበት ዘመን ይህ ጥያቄ በኢትዮጵያ አይነሣም ነበር። ሳፋሪኮም በጥቅምት 2022 አገልግሎት ከጀመረ ወዲህ ግን ትርጉም ያለው ጥያቄ ሆኗል፤ ምርጫ አለው የሚባለው ሆስፒታል ወይም ባንክ በተከራየው አድራሻ ምክንያት የቀድሞው ኩባንያ እስረኛ ሆኖ ሊቀር ይችላልና።

የተሻለው አሠራር ብዙ ትኩረት ሳያገኝ ከዩኒቨርሲቲዎች የወጣው ነው። በኬንያ ኬኔት የተባለው የትምህርትና የምርምር ኔትወርክ አድራሻ የሚቀበለው እንደ አንድ አባል ሆኖ ነው፤ ለዩኒቨርሲቲዎቹ የሚያድለው ከዚያ ነው። ወጪው በብዙ ትከሻ ላይ ይከፋፈላል፤ ድርድሩን የሚያካሂዱትም ባለሙያዎች ናቸው። ኢተርኔት የተባለው የኢትዮጵያ አቻውም ከኬኔት ጋር በኡቡንቱኔት ጥምረት ሥር ተሰባስቧል። ሆስፒታሎች፣ ትምህርት ቤቶችና የወረዳ ጽሕፈት ቤቶች በዚሁ መንገድ የማይደራጁበት በቂ ምክንያት የለም። ኬንያ፣ ኡጋንዳና ታንዛኒያ ከቴሌኮም ኩባንያዎች ገቢ የሚሰበስቡት ለገጠር ግንኙነት የሚውል ፈንድ አላቸው። ከዚህ ፈንድ የሕዝብ ተቋማትን የአድራሻ ክፍያ መሸፈን ከአንድ ማማ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር እዚህ ግባ የሚባል ወጪ አይደለም። ትርፍ የሚያገኙት ባንኮችና ኩባንያዎች ግን ራሳቸው ይክፈሉ ማለት ተገቢ ነው።

ክፍያ ጨርሶ የማይጠይቅ መንገድም አለ፤ በክርክሩ ውስጥ ብዙ ጊዜ ይረሳል። በአዲሱ፣ በስድስተኛው የአድራሻ ሥርዓት፣ አንድ የግል ኔትወርክ በዕጣ የሚወጣ የራሱን ክልል ያለማንም ፈቃድ መውሰድ ይችላል። ይህ የተፈቀደው በ2005 ነው። ሊወጡ የሚችሉት ዕጣዎች ከ1 ትሪሊዮን በላይ ስለሆኑ፣ የሚገናኙ ሁለት መሥሪያ ቤቶች አንድ ዓይነት ዕጣ የማውጣታቸው ዕድል ከምንም አይቆጠርም። ዕጣው በእውነት መውጣት አለበት እንጂ። ባለሙያው ለማስታወስ እንዲቀለው ዜሮ እየደረደረ ከጻፈ ሌላውም እንዲሁ ስለሚያደርግ፣ የ10 ታሪክ ይደገማል።

ከዚህ ክልል ግማሹ ለሌላ ዓላማ ተይዞ ነበር፤ በማዕከል ተመዝግቦ በአነስተኛ ክፍያ ለሚሰጥ፣ የማይደገም መሆኑ በመዝገብ ለሚረጋገጥ የግል አድራሻ። ሐሳቡ ደጋግሞ ቀርቦ አልጸደቀም። ካደናቀፉት ጥያቄዎች አንዱ ይኸው ጽሑፍ የያዘው ነበር፦ አንድ ጊዜ በተከፈለ ጥቂት ገንዘብ ለዘላለም የሚቆይ መዝገብ ማን ይጠብቃል?

እናም አሁን ለቀንዱ አገሮች ያለው ምርጫ እንዲህ ይመስላል። ከጥቂት አጋሮች ጋር ብቻ የሚገናኝ የገጠር ሆስፒታል ኔትወርክ ነጻው ዕጣ ይበቃዋል። ወጪው በአድራሻው ላይ ሳይሆን በባለሙያው ሥልጠናና አዲሱን ሥርዓት በማያውቁት አሮጌ መሣሪያዎች ላይ ነው፤ የግዢ ጨረታ የሚያወጡ መሥሪያ ቤቶች መሣሪያው ስድስተኛውን ሥርዓት እንዲያውቅ ዛሬውኑ ቢጠይቁ ያ ወጪም በየዓመቱ ይቀንሳል። ብዙ አጋር ያላቸውና በሕግ የሚጠየቁ ኔትወርኮች ግን፣ የባንክና የመንግሥት መረቦች ዋነኞቹ ናቸው፣ የተመዘገበ አድራሻ ያስፈልጋቸዋል።

የተመዘገበ አድራሻ ደግሞ ወደ አፍሪኒክ ይመልሳል። አዲሱ ቦርድ ከፊቱ ያሉት ሥራዎች ብዙ ናቸው፤ መተዳደሪያ ደንቡን ማስተካከል፣ የክፍያ ሠንጠረዡን ማየትና የፍርድ ቤት መዝገቦችን መዝጋት ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። በእነዚህ ላይ ድምፅ የሚሰጡት አባላት ናቸው። ከቴሌኮም ኩባንያው አድራሻ የተከራየ ሆስፒታል በየወሩ ይከፍላል፤ በምርጫው ዕለት ግን ስሙ በመራጮች መዝገብ ላይ የለም።